ጉማራን የተሻገረ ኪኒን

አያልነህ ሲታመም አይተኛም፤ ይቆጣል። አጥራችን አንድ ስለሆነ እሱ ቤት የተነሣ ቁጣ እኔ ቤት የሚደርሰው ሳይበርድ ነው። ሌላ ሰው ብርድ ብርድ ሲለው ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ኩርምት ይላል። አያልነህ ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ በሬዎቹን ይሰድባል፣ አማቾቹን ይሰድባል፣ የሚሰድበው ሲያልቅበት ጣናን ይሰድባል። "ክረምት ሙሉ መሬቴ ላይ ተኝቶ ከርሞ፣ ሲሄድ ንዳዱን ጥሎብኝ ይሄዳል!" ይላል። እውነቱን ነው። የፎገራ ውኃ መሸሽ ሲጀምር መሬቱ ለጓያ ይመቻል፤ ሰዉ ደግሞ ለንዳድ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ የያዘው ግን ስድብ የሚመልሰው አልነበረም። መጀመሪያ ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ጠጣ፣ ገላውም ታሸ። አላበውና ተሻለው፤ በማግሥቱም ደኅና ዋለ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ በሦስተኛው ቀን ያንኑ ሰዓት ጠብቆ አንቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እየዘለለ ይመጣ ጀመር፤ ሰዓቱን አያዛንፍም። አንድ ዘመድ ወንዛዬ ወርዶ ፍል ውኃ ይግባ ብሎ መከረ።

"የሚነድ ሰው ፍል ውኃ ውስጥ?" አለች አገኘሁሽ። "ለምን ድስት ውስጥ ጨምረን አናበስለውም?"

አገኘሁሽ ሚስቱ ናት። ቁጣን ከባሏ የተማረች እንዳይመስላችሁ፤ ከአባቷ ቤት ይዛው መጥታለች። የተጋቡ ለት መንደራችን ሁለት ቁጣ አንድ ጣሪያ ሥር አስገባ።

ፍል ውኃውን ትታ ወረታ ይዛው ሄደች። ወረታ ከመኪናው መንገድ ዳር ወልደ ሥላሴ የሚባል ድሬሰር ነበረ፤ ከጦር ሠራዊት ጡረታ ወጥቶ በቆርቆሮ ቤት መድኃኒት የሚሰጥ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው። ሕዝቡ ሐኪም ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ለሳል መርፌ፣ ለቁርጠት መርፌ፣ ለወባም መርፌ ነው፤ እኛም የምንወድለት ይህንኑ ነው። ያን ሰሞን ግን የወባው መርፌ አልቆበት ለአያልነህ ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው።

አያልነህ ሲመለስ በበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፍቶ ነበር። ከወንዙ ጀምሮ ሲያስታውከው መጣ። ዓይኑ ደብዝዞ የገዛ ሚስቱን "ማነሽ አንቺ?" ይላታል፤ ጆሮው ይጮኽበታል፤ ልቡ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ከመደቡ ሳይነሣ ሰነበተ። ሲነሣም ንዳዱ አብሮት ተነሣ።

አንድ ማለዳ አገኘሁሽ በአጥሩ ላይ ጮኸች። ዞሮ መምጣቱ እንኳ ረዝሞባታል።

"አያ አድማሴ! ተነሥ፣ ወረታ እንሄዳለን!"

"በደኅና ነው?"

"ባሌን መርዝ ያበላውን ሰውዬ ልጠይቀው ነው። አንተ ዳዊት ደግመሃል፤ የሚለውን ታስረዳኛለህ።"

"ዳዊቱ ግእዝ ነው፤ ሰውዬው የሚናገረው አማርኛ ነው።"

"ቢሆንም ተነሥ!"

ተነሣሁ። እሷ ተነሥ ብላ የተቀመጠ ሰው በመንደራችን የለም። አያልነህን በቅሎ ላይ አወጣነው። የጉማራን መሻገሪያ በዱላ እየለካሁ ፊት ፊት ሄድሁ፤ እሷ ከጎን ደግፋ ይዛዋለች፤ እሱ ከላይ ሆኖ ሁለታችንንም ይሰድበናል። ድምፁ ግን ቀጥኗል። በየመካከሉ ዝም ሲል "አንተ!" ትለዋለች፤ "ምንድነው?" ብሎ ሲቆጣት ልቧ ይመለሳል። ቁሐር ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ከሩቅ ተሳለምን። እሷ ቆየች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ፊቷ ግን የምትለምን ሳይሆን የምትከስስ ሰው ፊት ነበር።

የወልደ ሥላሴ ደጅ ሞልቷል። የሚያስለው ያስላል፤ እግሩ የቆሰለው ዝንብ ያባርራል፤ አንዷ ዓይኑ የተጣበቀ ሕፃን አዝላለች። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ፀሐዩ ላይ ስንጠብቅ፣ ከእኛ ኋላ የመጣ አንድ የከተማ ነጋዴ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ካፖርቱን እንደለበሰ አልፎን ገባ።

አገኘሁሽ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። "እዚህ አገር ጉንፋን ከሞት ይቀድማል እንዴ?" አለች፣ ደጁ ሁሉ እንዲሰማ።

"ተራሽን ጠብቂ አንቺ ሴትዮ!" አለ ድሬሰሩ ከውስጥ።

"ተራዬ እኮ ነው ካፖርት ለብሶ የገባው!"

ደጁ ሳቀ። ነጋዴው ወዲያው ወጣ፤ ጉንፋኑ ድኖለት ይሁን አፍሮ እንጃ። እኛ ገባን።

ወልደ ሥላሴ ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ጢሙን እንደ ወታደር ያስተካከለ፣ ሰውን ሁሉ ለሰልፍ የዘገየ ምልምል አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። እጁ ግን ሥራውን ያውቃል። የአያልነህን የዓይን ቆብ ገልብጦ አየ፤ ውስጡ ነጥቷል። ምላሱን አየ። አስተኛውና ከግራ ጎኑ፣ ከጎድኑ ሥር፣ በጣቶቹ ጫን እያደረገ "ተንፍስ" አለው። አያልነህ ተነፈሰና ሰደበው።

"ጣፊያው አብጧል፤ እስከዚህ ድረስ ወርዷል" አለኝ ድሬሰሩ፣ ስድቡን እንዳልሰማ። "ብርዱ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?"

"አንድ ቀን እየዘለለ፤ ከቀትር በኋላ።"

"መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ?"

"እንደሱ ነው።"

"ወባ ነው። በፊትም ወባ ብያለሁ፤ የወባ መድኃኒት ሰጥቻለሁ። መድኃኒቱን እንደታዘዘው የዋጠ ሰው እንዲህ አይሆንም።" እጁን ታጠበና ወደ አያልነህ ዞረ። "ሸጥኸው?"

አያልነህ ሊነሣ ታገለ። "እኔን ነው? እኔን ሌባ..."

"ተኛ! ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ። ትወስዳላችሁ፣ ትጥላላችሁ፣ ከዚያ ሐኪሙ ገደለን ትላላችሁ።"

"ሐኪም፣ አፍዎን ይጠብቁ" አለች አገኘሁሽ። እስካሁን እርስዎ እያለችው ነው። "ባሌ ውጦታል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረም።"

"መቼ ዋጠው?"

"የሰጡን ለት።"

"በማግሥቱስ?"

"ለማግሥቱ ምን ቀረና? ጉማራ ዳር ተቀምጦ ሁሉንም ዋጠው እላለሁ! መድኃኒት ውኃ አሻግረን እናርክሰው እንዴ?"

ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ መድኃኒት ወንዝ አይሻገርም፤ ከተሻገረ ኃይሉን ውኃው ይወስደዋል። መሪጌታ አዛናው የሥር መድኃኒት ሲሰጡ አስቀድመው የሚጠይቁት "ቤትህ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?" ብለው ነው። መርፌ የምንወደውም ለዚሁ ነው፤ በሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚሻገር ውኃው አያገኘውም። ኪኒን ግን በወረቀት ተጠቅልሎ በእጅ የሚያዝ ነው። ስለዚህ ከወረታ ኪኒን የተቀበለ ሰው ጉማራ ዳር ይቀመጣል፣ በቅል ውኃ ይቀዳል፣ የሰጡትን ሁሉ ውጦ በሆዱ ያሻግረዋል። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያስተማረን የለም። የሚያስተምሩት ነገር አይመስለንም ነበር።

ወልደ ሥላሴ ፎጣውን እንደያዘ ቀረ።

"ሁሉንም? ባንድ ጊዜ?"

"ባንድ ጊዜ።"

"አስታወከው?"

"አንጀቱ እስኪወጣ።"

"ትውከቱ ነው ያተረፈው" አለና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ባያስታውከው ልቡ ቀጥ ይል ነበር። ቤታችሁም ባልደረሳችሁ።"

አገኘሁሽ ድምፅዋን ሳታነሣ አንድ እርምጃ ቀረበችው። እሷን ስትጮኽ ፈርቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ፈራኋት።

"ያላስታወከውስ?" አለች ዝግ ብላ።

"ነገርሁሽ እኮ።"

ደሴን እያሰበች እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደሴ ታናሽ ወንድሟ ነው። አምና እንዲሁ መርፌው ባለቀ ሰሞን፣ ከዚሁ ቤት፣ ለዚሁ በሽታ ኪኒን ተሰጥቶት ነበር። ይዛው የተመለሰች እሷ ናት። ጉማራ ዳር አስቀምጣ "ዋጥ፣ ሳንሻገር ጨርሰው" ብላ ውኃውን በቅል ቀድታ ያጠጣች እሷ ናት። ደሴ ጠንካራ ልጅ ነበር፤ አላስታወከም። ማዶ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ እጇ ላይ ወደቀ። ንዳዱ ጸናበት አልን፤ ቀበርነው።

"ደሴ የሚባል ልጅ" አለች። "ረዥም። አምና። ታስታውሰዋለህ?" እርስዎ ማለቷ ቀርቷል።

"ስንቱን አስታውሳለሁ?"

"ኪኒን ሰጠኸው።"

"ከሰጠሁት ለሁሉም እንደምለው ነግሬዋለሁ፤ ዛሬ ይኸን፣ ነገ ይኸን፣ ከነገ ወዲያ ይኸን።"

"ብለሃል። ነበርሁ፤ ሰምቼሃለሁ። እንደ አዛዥ ጮኸህብን 'ቀጣይ!' ብለህ አስወጣኸን። ቤታችሁ የት ነው ብለሃል? ይዛችሁት ስትሄዱ ምን ታደርጉታላችሁ ብለሃል? ከዚህ እስከ ጉማራ ያለ ከብት ጠባቂ ሁሉ የሚያውቀውን አንተ አንዲት ቀን ጠይቀሃል?"

"እኔ ድሬሰር ነኝ እንጂ የወንዝ ዘበኛ አይደለሁም!" ወልደ ሥላሴም ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። "መድኃኒት በወንዝ ይረክሳል ለሚል ሰው ምን ላድርግ? ይኸ ኪኒን ከባሕር ማዶ ነው የመጣው! ስንት ውኃ ተሻግሮ እዚህ እንደደረሰ ታውቂያለሽ?"

"እንግዲያው ለዚህ ነዋ የማይሠራ!" አለ አያልነህ ከተኛበት።

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስታችንም እንስቅ ነበር።

"ከማዶ መጥቶ መድኃኒት ወስዶ፣ ሳይመለስ የቀረ ሰው ብዙ ነው" አለች አገኘሁሽ። "የት ደረሰ ብለህ አታውቅም?"

ወልደ ሥላሴ ጢሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ያልተመለሰው የዳነ ነበር የሚመስለኝ" አለ።

እኔም ያን ጊዜ ነደደኝ። በእሱ ብቻ አልነበረም። ንዳድ ጸናባቸው ብለን የቀበርናቸው ሁሉ ፊታቸው ተራ በተራ መጣብኝ። የትኛውን ንዳድ ገደለው? የትኛውን እኛ ራሳችን ጉማራ ዳር አስቀምጠን ጨረስነው? አሁን ማን ይለይልኛል? የምቆጣው ሰው በየት በኩል እንደቆመ ጠፋኝ፤ ስለዚህ በነጋዴው ተቆጣሁ፤ እሱ ደግሞ ሄዷል።

ድሬሰሩ አያልነህን የዕለቱን ኪኒን እዚያው በፊቱ አስዋጠው። የቀረውን በየቀኑ ለይቶ ጠቀለለና ለአገኘሁሽ ዘረጋላት። ድምፁ ወርዷል።

"አንቺ ያዥው፤ በእሱ እጅ እንዳይገባ። የነገው ነገ ነው፣ የከነገ ወዲያው ከነገ ወዲያ። ከተቻለ እዚሁ ወረታ ሰንብቱ።"

"ጓያዬን አንተ ትዘራልኛለህ?" አለው አያልነህ።

አገኘሁሽ ጥቅሎቹን ሳታየው ተቀበለችና መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረች። አላመሰገነችውም። እሱም አልጠበቀም።

ጉማራ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አያልነህ በቅሎዋን ውኃው ዳር አቆመና እጁን ዘረጋ።

"አምጪ።"

"ምኑን?"

"መድኃኒቱን ነዋ። ልዋጥና እንሻገር።"

"ሰውዬው ያለውን አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ባንዴ ከዋጥሁት ይገድለኛል። ካሻገርሁት ይረክሳል። እንግዲያው ግማሹን ልዋጠው፣ ግማሹን ለጉማራ እንተውለት!"

ከመካከል ገባሁ። "በዚህ በኩል ጎጆ ቀልሰን እንሰንብት" አልሁ። "ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ።"

"መሬቴ እየደረቀ ነው አንተ ሰው! ሰው ሁሉ ዘርቶ ሲጨርስ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እርሻዬን በዓይኔ ልረስ?" ወደ ሚስቱ ዞረ። "ወይ ስጪኝ፣ ወይ ሳልውጥ ልሻገር። የረከሰ ነገር ካፌ አይገባም።"

አገኘሁሽ መቀነቷን ፈታች። ጥቅሎቹን በመዳፏ ይዛ አየቻቸው። የቆመችው አምና ደሴን ያስቀመጠችበት ሣር ላይ ነው። እሷም እንደ እኛው ናት፤ መድኃኒት ውኃ ሲሻገር እንደሚረክስ ታምናለች። ከእናቷ የሰማችውን አንድ ድሬሰር ስለጮኸባት በአንድ ቀን አትጥለውም። እዚያ ሣር ላይ ቆማ ግን ለሰው ኪኒን መስጠት አልቻለችም።

ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውኃው ገባች።

"አንቺ! ምን ልታደርጊ ነው?"

ውኃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ዞረች። ጥቅሎቹን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

"ላሻግረው ነዋ!" ብላ ጮኸች። "ይርከስ! ደሴ የዋጠው ያልረከሰውን ነው፤ ንጹሑን፣ አንዲት ጠብታ ያልነካውን! እኔ በእጄ አጠጣሁት! አንተ የረከሰውን ትውጣታለህ። ካልሠራ ገዳይህ ወባው ነው፤ እኔ አይደለሁም። ሁለት ሰው በእጄ አልገድልም!"

"መድኃኒቴን መልሺ ሴትዮ!"

"ና ውሰደው!"

ፊቷን አዙራ ሄደች። አያልነህ ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ በቅሎዋን በተረከዙ መትቶ እየተሳደበ ተከተላት። እኔ ሁለቱን ስመለከት ዱላዬን ውኃ ወሰደው። ማዶ ሲወጣ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከቁጣ ነው። እሷ መቀነቷን መልሳ ቋጥራ መንገዷን ይዛለች።

በማግሥቱ ማለዳ በአጥሩ በኩል ሰማኋቸው።

"ዋጥ!"

"የሞተ ነገር አልውጥም!"

"ከሞተ ምን ያስፈራሃል? ዋጥ አልሁህ!"

ከዚያ ውኃ ሲጋት፣ ከዚያ ምራቁን ሲተፋ ሰማሁ። "ይመራል!" ብሎ ጮኸ።

"የረከሰ ነገር እንዴት ይመራል?" አለችው።

በየማለዳው እንዲህ እየተጣሉ ጨረሱት። የጉማራው ነገርም፣ ኪኒን ባንድ ጊዜ ሲዋጥ ይገድላል የተባለውም፣ ወሬው እስከዚያ መንደሩን አዳርሷል፤ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ቆመው ይነጋገሩና ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉ።

ኪኒኑ ካለቀ በኋላ የብርዱ ተራ ቀን ደረሰ። ከቀትር በኋላ ማጭድ እዋሳለሁ ብዬ ገባሁ፤ የመጣሁት ሰውዬውን ለማየት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። አያልነህ መደብ ላይ ተቀምጧል። አገኘሁሽ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ሆና ጣቶቹን፣ ጥፍሮቹን፣ ከንፈሩን ታያለች።

"ምን ታፈጥብኛለሽ? እኔ በሬ ነኝ? ልትገዢኝ ነው?"

ብርዱ የሚመጣበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። የበሩ ጥላ እየረዘመ ምሰሶው ድረስ ገባ። አያልነህ ጋቢውን ከትከሻው ጣለና "ሞቀኝ፤ ራበኝም። በዚህ ቤት የሚበላ ነገር ቀርቷል?" ብሎ ጮኸ። ተነሥታ አቀረበችለት። እኔም ማጭዱን ረስቼ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ሳልቀመጥ የአገኘሁሽ ጩኸት መንደሩን ሰነጠቀው። የሰው ሞት ጩኸት ነው፤ ጆሮ አይስተውም። ኩታዬን አዘቅዝቄ ሮጥሁ። ከየቤቱ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። "አያልነህን! ወይኔ አያልነህን!" እያልን ተግተልትለን ገባን።

አያልነህ ገበታው ፊት ተቀምጧል፤ ጉርሻው በእጁ ቀርቷል። ሁላችንንም አየን።

"እኔ ነኝ እንዴ የሞትሁት?" አለ ተቆጥቶ።

አገኘሁሽ መሬት ላይ ወድቃ ደረቷን ትደቃለች። የምትጠራው ስም የባሏ አልነበረም። "ደሴ! ወንድሜ! በእጄ! በእጄ ነው!" ትላለች። አምና ስንቀብረው አልቅሳ ነበር፤ ያኔ ያለቀሰችው ግን ንዳድ የወሰደውን ወንድሟን ነው። ይህኛውን፣ በእጇ ያጠጣችውን፣ እስካሁን አላለቀሰችውም። ባሏ እስኪድን ቁጣዋን ይዛ ቆይታ ነበር፤ አሁን የሚይዛት አጣች።

"ተዝካሩ እንኳ ወጥቷል እኮ፤ ምነው አሁን?" አለች አንዷ ከበር።

አያልነህ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። "ታልቅስ!" ብሎ ጮኸ። "ዝም የምትሉ ተቀመጡ፤ የምታወሩ ከቤቴ ውጡ!" ከመደቡ ወርዶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ የሚያያትን ሁሉ ይገላምጣል።

ተቀመጥን። ማናዬ፣ ካቻምና ባሏን በንዳድ የቀበረችው፣ ኪኒኑን ጉማራ ዳር አስውጣ ይዛው የመጣችው፣ ደረቷን መታ የባሏን ስም ጠራች። ከዚያ ከጎኗ ያለችው የልጇን ስም ጠራች። ከዚያ ሌላዋ።